ቴሌግራም የላፕቶፔን ሲ ድራይቭ ጨረሰው፤ የቱን ልሰርዝ?

የመጨረሻ ዓመት

ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፔ ዊንዶውስ 10 ነው፤ 128 ጂቢ ኤስኤስዲ ያለው። ሲ ድራይቩ ቀይ ከሆነ ቆይቷል። አሁን ደግሞ ወርድ ላይ የሠራሁትን ሴቭ ላድርግ ስል ቦታ የለም ይለኛል። ጌም አልጫንኩም፣ ፊልምም አላጠራቅም። የዶርም ጓደኛዬ ዊዝትሪ የሚባለውን ፕሮግራም ጭና ስታየው ግን ቴሌግራም ብቻውን ከ40 ጂቢ በላይ ይዟል። ደነገጥኩ።

ችግሩ ለኤግዚት (ለመውጫ ፈተና) የማነባቸው ሞጁሎች፣ የድሮ ጥያቄዎች፣ የቲቶሪያል ቪዲዮዎች በሙሉ እዚያው ናቸው። ካሹን ባጠፋ ቻቴ አብሮ ይጠፋል? አንኢንስቶል አድርጌ እንደገና ልጫነው? አንድ ልጅ ደግሞ "ፎርማት አስደርጊው፣ ትገላገያለሽ" አለኝ። እባካችሁ የምታውቁ።

ሜሪላንድ

እህቴ አትጨነቂ፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ሴቲንግስ ግቢ፣ አድቫንስድ የሚለውን ክፈቺ፣ ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ የሚል ታገኛለሽ። ክሊር ኦል በይው፣ አለቀ። ቴሌግራም ቻቱንም ፋይሉንም ሰርቨሩ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ላፕቶፕሽ ላይ ያለው ኮፒው ነው። ስትፈልጊው ተመልሶ ይወርዳል። እኔ ሁሌ የማደርገው ነው።

ቁጠባ

ሜሪላንድ ወንድሜ፣ "ተመልሶ ይወርዳል" ያልከው ነገር እዚህ ብር ነው። አንተ ጋ ዋይፋዩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። እሷ 10 ጂቢ ቪዲዮ አጥፍታ መልሳ ላውርድ ብትል ጥቅሏ ድራሹ ይጠፋል። ዩቲዩብ ላይ ያለው ምክር ሁሉ እንደዚሁ ነው፤ ዳታ በነፃ የሚታደል ይመስል ሁሉም "ክሊር ኦል" ይላል።

እህቴ፣ መጀመሪያ ምን እንደያዘው እዪ። የምትሰርዢው ከዚያ በኋላ ነው።

ሜሪላንድ

የዳታውስ እውነትህን ነው። ግን ካሹ ውስጥ ያለው አብዛኛው እኮ ስቲከርና የግሩፕ ፎቶ ነው። የሰውን የልደት ፎቶ ማን መልሶ ያወርዳል?

ጥገና ቤት

መገናኛ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። "ላፕቶፔ ሞላ" ብሎ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲኖር መጀመሪያ የማየው ቴሌግራምን ነው። ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል።

እህቴ፣ ዊንዶውስ ላይ ቴሌግራም ዕቃውን ሁለት ቦታ ነው የሚያስቀምጠው። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ስለሚያደርጋቸው ነው የሚቸገረው።

አንዱ ካሽ ነው። ግሩፕ ውስጥ ስታልፊ ያየሻቸው ፎቶዎች፣ ስቲከሮች፣ ቮይሶች፣ ክብ ቪዲዮዎች፣ ሳታወርጂ በቀጥታ ያጫወትሻቸው ቪዲዮዎችም ጭምር እዚህ ይገባሉ። ይሄ የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ነው ያለው፤ ፋይሎቹን ብታዪያቸውም ስማቸው የተዘበራረቀ ስለሆነ ምን እንደሆኑ አታውቂም። ሜሪላንድ ያለው ክሊር ኦል የሚነካው ይሄንን ብቻ ነው።

ሌላው ራስሽ ዳውንሎድ ያልሻቸው ፋይሎች ናቸው። እነዚህ የሚቀመጡት ዳውንሎድስ ፎልደርሽ ውስጥ "ቴሌግራም ዴስክቶፕ" በሚል ፎልደር ነው። ፒዲኤፉ፣ ዚፑ፣ ያወረድሽው ቪዲዮ ሁሉ እዚያ አለ። ክሊር ኦል መቶ ጊዜ ብትይ ይሄንን አይነካውም። አንኢንስቶል ብታደርጊም ቴሌግራም ይወጣል እንጂ ፎልደሩ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ የማጥፋትና የመጫኑ ነገር ድካም ብቻ ነው።

ፎርማቱን ተዪው። ያለሽ ኤስኤስዲ ያው 128 ነው፤ ቴሌግራም ሴቲንጉ ካልተስተካከለ መልሶ ይሞላዋል። እኛ ሠፈር ፎርማት ለሁሉም በሽታ የሚታዘዝ መድኃኒት ሆኗል።

አሁን ሁለቱን ለየብቻ ለኪያቸው። የካሹን መጠን ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ ላይ በዓይነት በዓይነቱ ይነግርሻል። ለዳውንሎዱ ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ ፕሮፐርቲስ በይ። ስንት ስንት እንደሆነ ጻፊልን።

የመጨረሻ ዓመት

በጣም አመሰግናለሁ ጥገና ቤት። አየሁት። ካሹ 9 ጂቢ ገደማ ነው። ዳውንሎዱ ግን ከ30 በላይ! እኔ ይሄን ፎልደር ከፍቼው አላውቅም፤ ፋይል የምከፍተው እዚያው ቻቱ ውስጥ ክሊክ አድርጌ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ገረመኝ። አንዱ ሞጁል አራት ቦታ አለ። ስሙ አንድ ዓይነት ሆኖ መጨረሻው ላይ በቅንፍ 2፣ በቅንፍ 3፣ በቅንፍ 4 ይላል። እንዲህ የሆኑት ብዙ ናቸው። ለምንድን ነው?

ጥገና ቤት

ደጋግመሽ ስላወረድሽው ነው። አንድ ሞጁል በአምስት ቻናል ይለቀቃል፤ ከየቻናሉ ስታወርጂው ስሙ ከተመሳሰለ ቴሌግራም ቁጥር እየጨመረ ጎን ለጎን ያስቀምጠዋል። ሎግ አውት አድርገሽ ስትመለሺም ፋይሉ ላፕቶፑ ላይ እንዳለ ይረሳና የማውረጃ ቀስቱን መልሶ ያሳይሻል። ክሊክ ስታደርጊ ሁለተኛው ይመጣል።

ፎልደሩን በሳይዝ ደርድሪው። ቪው ውስጥ ዲቴይልስ አድርጊና ሳይዝ የሚለው ላይ ክሊክ በይ። ትልልቆቹ ከላይ ይመጣሉ። ከሦስት መቶ ፒዲኤፍ ጋር አትታገዪ፤ ከላይ ያሉት ጥቂት ቪዲዮዎች ናቸው ግማሹን የያዙት። ከዚያ በስም ደርድሪውና በቅንፍ ቁጥር ያላቸውን እዪ። ስሙ አንድ ሆኖ ሳይዙ የተለያየ ከሆነ ግን ሳትከፍቺ አታጥፊ። "ቻፕተር 1" የሚባል ፋይል በየኮርሱ አለ።

ስትጨርሺ ሪሳይክል ቢኑን ባዶ ማድረግ አትርሺ። እሱ ካልተራገፈ የሰረዝሽው ሁሉ ሲ ድራይቩ ላይ እንዳለ ነው። ሰው "ሰርዤም አልቀነሰም" ብሎ የሚመጣው በዚሁ ነው።

አልሰረዝም ያለው

ለዚህ ሁሉ አትድከሚ፣ ክሊነር የሚባሉ ሶፍትዌሮች አሉ። አንዴ ክሊክ ነው፣ ሁሉንም ያጸዳል። ክራክ የተደረገ አለኝ፣ ልላክልሽ?

ጥገና ቤት

አይላክላት። ክራክ የተደረገ ክሊነር እኔ ጋ የሚመጣው ከነቫይረሱ ነው። ደግሞም የትኛው ሞጁል እንደሚያስፈልጋት ሶፍትዌሩ በምን ያውቃል?

አወያይ

ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር እዚህ መለዋወጥ ክልክል ነው። ቀጥሉ።

መምህሩ

ሰላም ልጆች። ደብረ ማርቆስ አስተምራለሁ። ውይይቱን ሳነበው አንድ የተዘለለ ነገር አየሁ።

ሁላችሁም "ቴሌግራም ሰርቨሩ ላይ ያስቀምጠዋል" ትላላችሁ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰርቨሩ ላይ የሚቆየው ለጣፊው እስካላጠፋው ድረስ ነው። የቻናሉ ባለቤት ፖስቱን ከሰረዘው ወይም ቻናሉ ከተዘጋ መልሶ የሚወርድ ነገር የለም። የትምህርት ቻናሎች ደግሞ ፈተና ሲያልፍ ይሸጣሉ፣ ስማቸው ይቀየራል፣ ነገ የጫማ ማስታወቂያ ሆነው ታገኛቸዋላችሁ። ስለዚህ የኔ ልጅ፣ ከላፕቶፕሽ ላይ ከመሰረዝሽ በፊት የምትፈልጊውን ወደ ሴቭድ መሴጅስ ፎርዋርድ አድርጊው። ዳታ አይፈጅም ማለት ይቻላል፤ ፋይሉ ከሰርቨሩ ሳይወጣ ነው የሚዛወረው። ፎርዋርድ ማድረግን የከለከለ ቻናል ከሆነ ግን አይሆንም።

ሁለተኛ፣ በ2015 ዓ.ም የካቲት ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ እንደተገደቡ አስታውሱ። ለወራት ያለ ቪፒኤን አይከፈትም ነበር። የመጀመሪያው የመውጫ ፈተና የተሰጠውም በዚያው ዓመት ነው። ቴሌግራም ሲዘጋ ሰርቨሩ ላይ ያለው ሞጁል ለተማሪ ምን ያደርግለታል? ለፈተና የሚያስፈልገው እጅ ላይ መሆን አለበት። 64 ጂቢ ፍላሽ ገዝተሽ በኮርስ በኮርሱ ለይተሽ ገልብጪው።

የመጨረሻ ዓመት

መምህር በጣም አመሰግናለሁ፣ እርስዎ ያሉትን አላሰብኩትም ነበር። ፍላሽ አለኝ። ዛሬ ማታ እገለብጣለሁ።

አንድ ጥያቄ፦ ወደ ፍላሹ ካዛወርኩት በኋላ ቻቱ ላይ ያለው ምን ይሆናል?

ቁጠባ

ቴሌግራም ፋይሉን የሚፈልገው ያስቀመጠበት ቦታ ነው። ወደ ፍላሽ ስታዛውሪው "የለም" ይላል፣ የማውረጃ ቀስቱ ይመለሳል። ቻቱ ላይ ክሊክ ካደረግሽው እንደገና ያወርደዋል፣ ጥቅልሽም ይሄዳል። ከዛሬ ጀምሮ ከፍላሹ ብቻ ክፈቺ። የለመደ እጅ ስለሆነ ትቸገሪያለሽ።

አውቶማቲክ ዳውንሎዱንም አጥፊው። እዚያው አድቫንስድ ውስጥ አውቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድ የሚል አለ። ለግል ቻት፣ ለግሩፕ፣ ለቻናል ሦስቱም ለየብቻ ናቸው። የግሩፑንና የቻናሉን ገብተሽ ፎቶውንም ፋይሉንም አጥፊ። የፋይል መጠን መገደቢያም አለው፤ ለግል ቻት ትንሽ ቁጥር ላይ ብታደርጊው ይበቃል። ሞባይል ሆትስፖት ከፍቶ ላፕቶፕ ለሚጠቀም ሰው ይሄ ከስቶሬጁ በላይ ነው የሚጠቅመው። ላፕቶፑ ሆትስፖቱን እንደ ዋይፋይ ነው የሚያየው፤ ስልክሽ ላይ "በሞባይል ዳታ አታውርድ" ማለትሽን አያውቅም።

ሜሪላንድ

ዳውንሎድ ፓዝ ላይም አስክ የሚለውን ብታበራው ጥሩ ነው። እያንዳንዱን ፋይል የት ላስቀምጥ ብሎ ይጠይቃታል። ያኔ በቀጥታ ወደ ኮርሱ ፎልደር ታስገባዋለች፣ የማይታይ ቦታ አይከማችም።

ጥገና ቤት

እሱ ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔ ራሴ ለደንበኛ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ካሹን በተመለከተ እህቴ፣ አሁን ክሊር ኦል ማለት ትችያለሽ። ቻትሽ አይጠፋም። ብቻ መጀመሪያ በቀጥታ እያጫወትሽ የምትማሪበት ቪዲዮ ካለ አስቢ፤ እሱም ካሽ ውስጥ ስለሆነ አብሮ ይሄዳል። እዚያው መስኮት ላይ ቶታል ሳይዝ ሊሚትና ሚዲያ ካሽ ሊሚት የሚሉ ተንሸራታቾች አሉ። ዝቅ አድርጊያቸው። ለ128 ጂቢ ዲስክ ቶታሉ ከሁለት ሦስት ጂቢ እንዳያልፍ። ከስንት ጊዜ በላይ የቆየው ይጥፋ የሚልም አለ፤ እሱን አንድ ወር ላይ አድርጊው። ከዚያ በኋላ ቴሌግራም ራሱ እያጸዳ ይሄዳል።

ዘግይቶ የደረሰ

እኔ ቴሌግራም ራሱ አይከፈትልኝም፣ ዲስኩ ሙሉ ስለሆነ መሰለኝ ከፍቶ ወዲያው ይዘጋል። ሴቲንግስ መግባት አልቻልኩም። ካሹን በእጅ ማጥፋት ይቻላል?

ጥገና ቤት

ይቻላል፣ ግን ቀስ በል። መጀመሪያ ቴሌግራም ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን አረጋግጥ። ኤክሷን መጫን አይበቃም፤ ከታች በቀኝ በኩል ሰዓቱ አጠገብ ያለችው ምልክት ላይ ራይት ክሊክ አድርገህ ኩዊት በል። ከዚያ የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን አብረህ ተጫን። በምትመጣው ሳጥን ውስጥ አፕዳታ ብለህ በእንግሊዝኛ ጻፍ፤ ከፊቱም ከኋላውም የፐርሰንት ምልክት ይግባበት። ኢንተር ስትል የሚከፈተው ፎልደር ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ አለ፣ በውስጡ ቲዳታ፣ በውስጡ ዩዘር ዳታ። እዚያ ካሽ እና ሚዲያ ካሽ የሚሉ ሁለት ፎልደሮች ታያለህ። የእነሱን ውስጥ ብቻ ነው የምትሰርዘው።

ቲዳታን እንዳለ ከሰረዝክ ከአካውንትህ ትወጣለህ። ቻቱ አይጠፋም፣ ግን በስልክህ ኮድ መግባት አለብህ። ሲሙ ከሌለህና ሌላ ቦታም ካልገባህ ጣጣ ነው። ከማይክሮሶፍት ስቶር የጫነው ሰው ደግሞ ፎልደሩ እዚህ አይገኝለትም፤ የስቶር አፖች ሌላ ቦታ ነው የሚቀመጡት።

ዘግይቶ የደረሰ

ሠራ! ተከፈተ። እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ጓደኛዬ "ቲዳታውን በፍላሽ ስጠኝና እኔ ቤት አጸዳልሃለሁ" ብሎኝ ነበር፣ እንኳን አልሰጠሁት መሰለኝ።

ጥገና ቤት

እንኳን! ቲዳታ ማለት የተከፈተ አካውንትህ ነው። ያንን ፎልደር ኮፒ ያደረገ ሰው እሱ ላፕቶፕ ላይ ይከፍተውና ያለ ኮድ፣ ያለ ይለፍ ቃል አንተን ሆኖ ይገባል። ጓደኛህ ይሄን ላያውቅ ይችላል፤ ፍላሹ ግን ከእጅ እጅ ይዞራል። ለጥገና ላፕቶፕ የምትሰጡም ሰዎች ይሄን አስቡበት። ሴቲንግስ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለውን አልፎ አልፎ እያያችሁ የማታውቁትን አስወጡ። አካባቢያዊ የመቆለፊያ ኮድም አለ፣ ፕራይቬሲ ውስጥ፤ እሱን ብታበሩት የተወሰደ ቲዳታ ያለ ኮዱ አይከፈትም።

ሀዋሳ

እኔ ላፕቶፕ ላይ ሲ ኤስኤስዲ ነው፣ ዲ ደግሞ አሮጌው 500 ጂቢ ሃርድ ዲስክ፣ ባዶውን ተቀምጧል። ቴሌግራምን ከነዕቃው ወደ ዲ መውሰድ ይቻላል?

ቁጠባ

ሁለት አማራጭ አለህ። ቀላሉ ዳውንሎድ ፓዙን ብቻ ወደ ዲ መቀየር ነው፤ ትልቁን ሸክም እሱ ይወስድልሃል። ካሹንም ከፈለግህ የቴሌግራም ድረ ገጽ ላይ ፖርታብል የሚል በዚፕ የሚወርድ አለ። ዲ ላይ ፍታው፣ ከዚያው ክፈተው፣ ግባ። ዳታውን እዚያው አጠገቡ ያስቀምጣል። አዲሱ መሥራቱን ካየህ በኋላ የድሮውን ሎግ አውት አድርገህ አንኢንስቶል አድርግ። ሃርድ ዲስኩ ስለሚዘገይ ስቲከር ሲከፈት ትንሽ ያንቀራፍፋል፣ ከዚያ ሌላ ችግር የለውም።

ሜሪላንድ

ማክ ያላችሁ ካላችሁ መንገዱ ትንሽ ይለያል። ከአፕ ስቶር የሚወርደው ቴሌግራም ውስጥ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ከዚያ ስቶሬጅ ዩሴጅ ነው። ኪፕ ሚዲያ የሚለውን ቀንሱት። የማኩ ሲክሬት ቻት አለው፤ የሱ መልእክት ሰርቨር ላይ የለም፣ መሣሪያው ላይ ብቻ ነው ያለው። ሲክሬት ቻት የምትጠቀሙ ሎግ አውት ካደረጋችሁ ወይም አፑን ከነዳታው ካጠፋችሁ አይመለስም። የዊንዶውሱ ሲክሬት ቻት ስለሌለው ልጅቷ ይሄ አያሰጋትም።

ከሪያድ

እዚህ እኛ ዋትሳፕ ነው የምንጠቀመው፣ ከቤተሰብ ጋር። ላፕቶፔ ላይ እሱም ቦታ ይዟል። በዚሁ መንገድ ላጥፋው?

ጥገና ቤት

ተው፣ ዋትሳፕ ሌላ ነው። እሱ መልእክቱን ካደረሰ በኋላ እንደ ቴሌግራም ሰርቨሩ ላይ ለዘለቄታው አያስቀምጥልህም። ዋናው ስልክህ ላይ ያለው ነው። የእናትህ ፎቶና ቮይስ ስልክህ ላይ መኖሩን ሳታረጋግጥ ከላፕቶፑ ምንም አትሰርዝ። በስልኩ ማኔጅ ስቶሬጅ የሚለው ውስጥ ትልልቆቹን ፋይሎች ለይቶ ያሳይሃል፤ አንድ በአንድ አይተህ ሰርዝ። የምትወዳቸውን ወደ ኤክስተርናል አውጣ፣ ስልክም ይሰበራል።

የመጨረሻ ዓመት

የገለበጥኩትን ገልብጬ፣ የተደጋገሙትን አጥፍቼ፣ ካሹንም ክሊር ኦል አልኩት። ሲ ድራይቩ ወደ ሰማያዊ ተመልሷል። የገረመኝ ከሁሉም ትልቁ ፋይል የሞጁል ቪዲዮ አልነበረም፤ ግሩፑ ውስጥ አንድ ሰው የለጠፈው የሙሉ ሠርግ ቪዲዮ ነው! ሰውየውን አላውቀውም።

ቁጠባ

ሠርጉ ላይ ሳትጠሪ ገብተሻል ማለት ነው 😂

የመጨረሻ ዓመት

ከነኬኩ 😂 አንድ የቀረኝ ነገር፦ ቴሌግራሜ ላይ ሁለት አካውንት አለኝ፣ የራሴና የክፍላችን ተወካይ ስለሆንኩ የከፈትኩት። ክሊር ኦል ያልኩት በራሴ አካውንት ሆኜ ነው። የሌላውስ አብሮ ጠፍቷል?

ጥገና ቤት

አልጠፋም። ለየአካውንቱ የየራሱ ካሽ ነው ያለው፤ ቲዳታ ውስጥ ብታዪ ሁለተኛው ዩዘር ዳታ ቁጥር ተጨምሮበት ለብቻው ተቀምጧል። ወደዚያኛው አካውንት ቀይሪና ሊሚቱንም አውቶማቲክ ዳውንሎዱንም እዚያም አስተካክዪ። የተወካይ አካውንት ከሆነ ደግሞ ግሩፑ ስለሚበዛ ከራስሽ የባሰ ሊይዝ ይችላል።